ቀይ የጃፓን ጣባ እማ በጎመንዘር አሸችው፤ ምን ይሻለኛል?

የጦሳ ጉም፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሸክላ ነገር የሚገባችሁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባለፈው ስለ ጀበና አንገት ስትከራከሩ ሁለት ቀን ሙሉ ስከታተላችሁ ነበር። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ጃፓን ሸክላ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ኪዮቶ ሁለት ዓመት ተምሮ ለአረፋ ደሴ ገባ። ለአባባ ሹራብ፣ ለእኔ ጃንጥላ፣ ለእማ ደግሞ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አንድ ቀይ ጣባ ይዞ መጣ። ጣባ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። እጀታ የለውም፣ ከፊንጃል በጣም ይበልጣል፣ ከወጭት ያንሳል። «ራኩ ይባላል። የሻይ ሥርዓት መጠጫ ነው። ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ ነው» አለን። ዋጋውን ስንጠይቀው ወሬ ይቀይራል። እማ ደግሞ ዋጋው ያልተነገራትን ዕቃ አታምንም።

እውነት ለመናገር ከዕቃው ሳጥኑ ያምራል። ክዳኑ ላይ በብሩሽ ተጽፎበታል፣ በጠፍጣፋ ክር ታስሯል። ጣባው የተጠቀለለው በእርድ በተነከረ ቢጫ ጨርቅ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። አፉ 11 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 8። ከንፈሩ ቀጥ ብሎ አይዞርም፤ እንደ ተራራ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀይ ይባል እንጂ በርበሬ አይደለም። ዝናብ የነካው ቀይ አፈር ነው የሚመስለው። በአንድ ጎኑ እሳት የላሰው የሚመስል ግራጫ ጥላ አለ። ላዩ ላይ የተቀባው መስታወት መሳይ ነገር ደግሞ ፀጉር በሚያካክሉ መስመሮች ተሰነጣጥቋል።

እማ አገላብጣ አየችው። በጥፍሯ መታችው። «ኪን» አላለም፤ «ዱብ» አለ። «ይሄ ሳይበስል የወጣ ነው» አለች። በቃ፣ ተፈረደበት።

ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም። ማቻ የሚባለውን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ መትቶ አቀረበላት። አንዴ ተጎነጨች። «ሁለት ዓመት ተምሮ ኮሶ ሊያጠጣኝ መጣ!» ብላ ወደ ጀበናዋ ዞረች።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ጣባው ያደረበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ እርጥብ ክብ ወጥቶ አገኘን። «አላልኩም? ያዣል» አለች እማ። ወንድሜ ጓደኞቹን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ ወርዷል። እኔ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጎመንዘር ጎመንዘር ይሸታል። እማ ጣባውን ከከሰሉ አጠገብ አሙቃ፣ የተፈጨ ጎመንዘር በማሰሻ እየቀባች፣ እንደ አዲስ ምጣድ ታሟሸዋለች!

ጮህኩ። እሷ ደግሞ በመጮሄ ተቆጣች። ደግነቱ እሳቱ ላይ አልጣደችውም። ግን ቅብ በሌለው እግሩ በኩል ቅባቱ ሰርጎ ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ቦታ ወጥቶበታል። ሽታውም አለቀቀም።

ወንድሜ ያኔውኑ ተበላሽቶ የወጣ ዕቃ ተሽጦለት ነው ወይስ አሠራሩ እንዲህ ነው? ቅባቱስ ይለቃል? እሱ ገና አላየም። ዓርብ ይመጣል።


ሰኞ ገበያ፦

ቀላል ነው። ከገበያ አንድ ጣባ ግዢና ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው። ቀይ ነው፣ በእጅ የተሠራ ነው፣ ያዣል። ምን ጎደለ?


አያ ወልድያ፦

አብሽሪ እህቴ። ከላይ ያለውን ወንድማችንን አትስሚው።

እኔም ለትምህርት ሄጄ ኪዮቶ ጥቂት ዓመት ኖሬያለሁ። ሻይ ቤታቸው ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት የጉልበት ሕመም ነው፤ እንደዚያ ተንበርክኮ መቀመጥ ለወሎ ሰው አይሆንም። ስለ ጣባው ግን የማውቀውን ልንገርሽ።

እናትሽ «ሳይበስል የወጣ ነው» ማለታቸውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እጃቸው አልተሳሳተማ! ስስ ሲኒ የሚወጣበት ሸክላ ከ1200 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል። ቀይ ራኩ 800 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ሆን ተብሎ። ገላው ልል ሆኖ ይቀራል፣ አየር ይይዛል። ሲመታ «ዱብ» የሚለውም ለዚያ ነው። ልልነቱ ደግሞ ይፈለጋል፤ ጣባው በሁለት መዳፍ ስለሚታቀፍ ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ማቀበል አለበት። ያን ያህል ትኩስ ነገር በሲኒ ብትታቀፊ መዳፍሽ ይላጣል። ስንጥቆቹ የቅቡ ናቸው፤ ቅቡና ሸክላው ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይሰበሰቡ ይመጣሉ። ውሃው በእነሱ ገብቶ በእግሩ በኩል ወዛ። የጠረጴዛ ልብሱን ያረጠበው እሱ ነው። ግራጫው ጥላም የእሳቱ እጅ ነው። እዚያ ሰው ጣባውን አዙሮ አዙሮ የሚያየው ለእንዲህ ያለው ጥላ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላውጋሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በ1500ዎቹ መጨረሻ ሴን ኖ ሪኪዩ የሚባል የሻይ መምህር ነበር። በትልልቅ ሰዎች ቤት የሚከበረው ከቻይና የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክቡ ያልተዛነፈ ዕቃ ነበር። ሪኪዩ ግን ኪዮቶ ውስጥ ቾጂሮ የሚባለውን ሠራተኛ ጠርቶ ጣባ አሠራ። ከቾጂሮ እጅ ከተረፉት ቀደም ካሉት አንዱ በ1574 የሠራው የአንበሳ ቅርጽ ነው፤ እንግዲህ አንበሳ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው ጣባ የታዘዘው። በሚሽከረከር ጎማ አልሠራም። ጭቃውን እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ፣ ጠርዙን በመዳፉ ወደ ላይ አቁሞ፣ ጠንከር ሲል በቢላ ፋቀው። ያኔ ስሙ «አሁን የተሠራ» እንደማለት ነበር። ራኩ የሚለው በኋላ መጣ፤ ጁራኩ ከሚባለው የሂዴዮሺ ቤተ መንግሥት ስም ጋር የተያያዘ ነው። ቃሉ ደስታ፣ እፎይታ ማለት ነው። ሂዴዮሺ የአገሩ ገዥ ነው። በ1591 ሪኪዩን ራስህን ግደል ብሎ ያዘዘውም እሱ ነው፤ እፎይታውን እንግዲህ እዩት።

የቾጂሮ ቤት ራኩን የቤተሰብ ስም አድርጎ ዛሬም እዚያው ኪዮቶ አለ። በ2019 16ኛው ትውልድ ሥራውን ተረከበ። ከቤታቸው አጠገብ ሙዚየም አላቸው። እኛ ለላም ስም እንደምናወጣው እነሱ ለጣባ ስም ያወጣሉ። አንዷ የቾጂሮ ቀይ ጣባ «ኪማሞሪ» ትባላለች። ፍሬ ሲለቀም ለዛፉ ጠባቂ ተብላ የምትተው የመጨረሻዋ ፍሬ ማለት ነው። ሪኪዩ ጣባዎች ደርድሮ ተማሪዎቹን ምረጡ ሲላቸው ሳትመረጥ የቀረችው እሷ ናት ይባላል። በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጠፋች፤ ከስብርባሪዋ እንደገና ተሠራች።

የወንድምሽ ጣባ ከዚያ ቤት የወጣ አይመስለኝም። ከዚያ ቢሆን ዋጋውን ሲጠየቅ ወሬ አይቀይርም፣ አገር ይቀይር ነበር። በዚያው አሠራር የሚሠሩ ሌሎች ቤቶች አሉ፤ የእነሱም መልካም ዕቃ ነው።

አያያዙ አያስቸግርም። ሻይ ከመምጣቱ በፊት ጣባውን ለብ ባለ ውሃ ንከሩት። ሸክላው መጀመሪያ ውሃ ከጠገበ ሻዩን ብዙ አይጠጣም። ከተጠቀማችሁ በኋላ በውሃ ብቻ አለቅልቃችሁ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ጥላ ቦታ አየር እያገኘ ይክረም። ኪዮቶ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ደሴ በሐምሌ ጉም ግን እንጃ፤ ሁለት ሳምንት ስጡት። እርጥብ ሆኖ ሳጥን ከገባ ይሻግታል። ውሃው ለማቻ 80 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ማብረድ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የድሮው የቀይ ራኩ ቅብ እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለበት። ዛሬ ብዙዎች ያለ እርሳስ ይሠራሉ፤ ወንድምሽ ሻጩን ይጠይቅ። እስከዚያው ሎሚ ያለበት ሻይ፣ ጠላ፣ እርጎ እንዳይገባበት። ኮምጣጣ ነገር እርሳስን ከቅቡ ያወጣል።

የጎመንዘሩን ነገር ለባለሙያ እተዋለሁ።


ጭቃ አቡኪዋ፦

አያ፣ አላህ ይስጥዎ። እኔ ከጭቃው ወገን ላውራ።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ከሐይቅ ወጣ ብሎ። እኔ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። አዘቦት ቀን ቢሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ጭቃ።

እህት ዓለም፣ ከሁሉ በፊት ጣባውን ዳግም እሳት እንዳታስጠጊው። ምጣድ ቅባት ሲበዛበት እናነደዋለን፣ አዎ። ይሄ ግን ቅብ አለው፣ ውሃም ጠጥቷል። ውሃ የጠጣ ሸክላ በድንገት ከጋለ እንፋሎቱ መውጫ ፈልጎ ቅቡን ይገሸልጠዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውሃው ላይ ቅባት ሲንሳፈፍ ድፊና ቀይሪ። ሦስት አራት ቀን እንዲህ አድርጊ። ሳሙና እንዳይነካው፤ ሳሙናውንም ይጠጣልና ኋላ ሻዩ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሽታው ይቀንሳል። ጥቁሩ ቦታ ይለቃል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ጎመንዘር ከገባ ገባ ነው፤ ለዚያ አይደል ምጣድ የምናሟሽበት።

በእማም አትፍረጂባት። አዲስ ሸክላ ቤት ሲገባ ያላሟሸ ሰው ባለሙያ አይባልም። ምጣዱ ካልተሟሸ እንጀራው ይይዛል። ጀበናው በቡና አተላ ካልፈላ አፈር አፈር ይላል። ቀዳዳውን አንዴ ደፍነን እንገላገላለን። እነዚያ ደግሞ ቀዳዳው እንዳይደፈን ይፈልጋሉ። አያ «ንከሩት» ያሉት እኮ ማሟሸት ነው። በውሃ፣ በየጊዜው፣ ከእንግዳ በፊት። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፣ ይገባታል።

አያቴም ጎማ አታውቅም። ገል ወቅጣ ከጭቃው ትቀላቅላለች፣ በእግሯ ትረግጣለች፣ ከዚያ ጭቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ እሷ ትዞረዋለች። ዕቃው አይዞርም፣ ሰውየዋ ናት የምትዞረው። ወገቧን አጉብጣ፣ ወደ ኋላ እየረገጠች። በመጨረሻ በልሙጥ ድንጋይ ትወለውለዋለች። ያ ድንጋይ አሁን እኔ ጋ አለ። በአንድ በኩል አውራ ጣቷ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል። የእኔ ጣት ለዚያ ጉድጓድ ትንሽ ነው።

ሌላ ነገር። ኢንተርኔት ላይ ራኩ ብለሽ ስትፈልጊ ነበልባልና ጭስ ያለበት ቪዲዮ ከወጣ አትደናገጪ። ያ የአሜሪካኖቹ ነው። በፈረንጅ 1960ዎቹ ፖል ሶልድነር የሚባል ሸክላ ሠሪና ጓደኞቹ ያስፋፉት ነው። የጋለውን ዕቃ ከእቶን አውጥተው ሰጋቱራ ውስጥ ይከቱታል፣ ጭሱ ያጠቁረዋል። አያቴ ብታየው «እና?» ነበር የምትለው። ጀበና የምታጠቁረው እንደዚያው ነው። የጋለውን በእንጨት አንስታ ጭድና ቅጠል ውስጥ ትቀብረዋለች። የኪዮቶው ቀይ ጣባ ግን እዚያ ሰጋቱራ አይገባም።

አያ «16ኛው ትውልድ» ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአያቴ ምጣድ ያልገባበት ቤት በዚያ አካባቢ የለም፤ ስሟን የሚያነሳ ግን የለም። ምጣዷን ገዝተው ዞር ሲሉ ለልጃቸው «ዓይኗን አትይ» ይሉ ነበር። እናቴ ሙያውን የተወችው በዚህ ነው። እኔ ከአያቴ የተማርኩት እናቴ እየተቆጣች ነው።

ይቅር። ወደ ጣባው። እባክሽ የእግሩን ፎቶ ላኪልኝ፣ ከታች ገልብጠሽ። ከንፈሩና ሆዱ ጋ ውፍረቱ ስንት እንደሆነም ለኪልኝ። በምን እንደተፋቀ ማየት እፈልጋለሁ።


ሰኞ ገበያ፦

እኔ ቀልዴን ነበር እኮ። ጭቃ አቡኪዋ፣ ከሠራሽ አንዱን እገዛለሁ። ዋጋውን ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ እንደ እማ ነኝ።


የጦሳ ጉም፦

ይቅርታ ቆየሁባችሁ። ዓርብ አልፏል፣ ሁላችንም በሕይወት አለን።

አራት ቀን ነከርኩት። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ላይ የዘይት ዓይን ሞላ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ብቻ ቀረ። ሽታው አፍንጫዬን ካላስጠጋሁ የለም። ጥቁሩ ቦታ ግን እንዳላችሁት አለ፤ ትንሽ ፈዞ።

ወንድሜ ሳጥኑን ከፍቶ አየው። ዝም አለ። እኔ ቀድሜ ሁሉንም ዘከዘክሁለት፤ እማ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ከዚያ «ኬሺኪ» አለ። ዕቃው ላይ እሳትም ሆነ ዕድሜ የሚተወውን መልክ እንዲህ ይሉታል አለኝ፤ የአገር መልክ፣ ጋራና ሸንተረሩ እንደማለት ነው። «የእሳቱ በዚህ፣ የእማ በዚያ» አለ። እኔን ሊያጽናናኝ ይሁን ከልቡ አላውቅም። የእርሳሱን ነገር ለሻጩ ጽፏል፣ መልስ እየጠበቀ ነው።

እሑድ ቡና ላይ ጎረቤቶች መጡ። ወንድሜ ከበረካው በኋላ እኔም ላቅርብ አለ። በአዲሱ መላ መሠረት ጣባውን መጀመሪያ በለብታ ውሃ ነከረ። ቴምር አዞረ፤ ጣፋጩ ከሻዩ በፊት ነው የሚበላው፣ ስኳር ሻዩ ውስጥ አይገባም አለ። ወፈር አድርጎ መታው። ወፍራሙን ሻይ እንግዶች በአንድ ጣባ ተራ በተራ ነው የሚጠጡት። በቀኝ አንስተሽ በግራ መዳፍሽ ላይ ታስቀምጫለሽ፣ የጣባውን ፊት ከአፍሽ ለማራቅ ትንሽ ታዞሪዋለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ ከንፈሩን ጠርገሽ ለሚቀጥለው። ይሄን ሲናገር አንዷ ጎረቤታችን «ታዲያ ጥዋ ነው በለኛ!» አሉና ቀድመው ተቀበሉት። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ግን ጨረሱ። እማ ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ አሳለፈች። አየኋት።

ዛሬ ጠዋት ግን ምን ባይ ጥሩ ነው። ጉሙ እስከ ደጃችን ወርዷል። እማ ጣባው ውስጥ ሙቅ ውሃ ቀድታ፣ ብቻውን፣ በሁለት እጇ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ጣቶቿን ያማታል። ሲኒው ያቃጥላታል፣ ብርጭቆው ቶሎ ይበርዳል። «ይሄስ ይይዛል» አለችኝ። ሳጥኑን ደግሞ የመርፌና ክር ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ ወንድሜ ይሄንን ገና አላየም።

ጭቃ አቡኪዋ፣ ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ከንፈሩ ጋ ከግማሽ ሳንቲሜትር በትንሹ ያንሳል። ሆዱ ጋ ሜትሩ አይገባልኝም፤ በጣቴ ስነካው ወደ ታች እየወፈረ ይሄዳል።


ጭቃ አቡኪዋ፦

ፎቶው ደርሶኛል። እግሩ ዙሪያ ያሉትን ጭረቶች አየሻቸው? በአንድ ጊዜ ሳብ ተደርገው የተፋቁ ናቸው፤ እጁ አልተመለሰባቸውም። ውስጡ መሃል ላይ ያለው ትንሽ ጎድጓዳ ደግሞ ሻዩ መጨረሻ ላይ የሚጠራቀምበት ነው።

ሁለት ሠራሁ። በገል፣ ያለ ቅብ፣ ከንፈሩን ከፍ ዝቅ አድርጌ። እናቴ አየችና «እጅሽ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። አንዱ ሲደርቅ ከእግሩ ተሰነጠቀ፤ ሆዱን ስስ አድርጌ እግሩን ስላወፈርኩት እኩል አልደረቀም። ሁለተኛው ጥላ ላይ ነው። ቅዳሜ ኩበት ከተገኘ እተኩሰዋለሁ።

ሰኞ ገበያ፣ 200 ብር። ጎመንዘሩ ከአንተ።